ስፌት የለኝም

ቁስሉን ፈልጌ አጣሁት። ከነቃሁ ጀምሮ እጄ ከብርድ ልብሱ ሥር ሆዴን ሲዳብስ ነው የሚውለው፤ ከእምብርቴ ወደ ግራ ጎኔ፣ ከጎኔ ወደ ጀርባዬ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ብሽሽቴ፤ ፋሻ የለም፣ ፕላስተር የለም፣ ክር የለም፤ ቆዳዬ እማዬ እንደ ወለደችኝ ነው። ኦፕራስዮኑን አልሠሩልኝም ማለት ነው፣ አልኩ። ሲያዩት የማይሆን ሆኖባቸው፣ እሷስ አልቆላታል ብለው፣ እንዳስተኙኝ መለሱኝ።  ነርሷ መጋረጃውን ልትከፍት ስትገባ ክንዷን ለቀም አደረግኋት። «አልተሠራልኝም?» አልኳት። «ተሠርቶልዎታል እንጂ፣ ፍራው መኩሪያ! አልቋል እኮ» አለችኝ። እዚህ አገር ወይዘሮ ብለው በአባቴ ስም ነው የሚጠሩኝ፤ አፈር ከለበሰ ስንት ዘመኑ የሆነው አባቴ በየቢሮውና በየኮሪደሩ ይጠራል፣ እኔም አቤት እላለሁ።

«ታዲያ ቁስሉ የት አለ?»

«የምን ቁስል?» አለችና ሳቀች፤ ትራሴን አስተካክላ ወጣች።

እንቅልፍ እንቢ ብሎኛል። ፀሐዩ ነጩን መጋረጃ አልፎ ፊቴ ላይ ተኝቷል፣ እኔ ግን አልተኛሁም፤ ዓይኔን ስጨፍን ጎፋ ነኝ፣ ስገልጥ ምሥራቅ ጀርመን ነኝ፤ አሁን ምሥራቅ የሚባል ጀርመን ባይኖርም። በደርግ ጊዜ የጨርቃ ጨርቅ ሙያ ተማሪ ተብለን ነው የመጣነው፤ የላከኝ መንግሥትና የተቀበለኝ መንግሥት በዓመት ልዩነት ሲፈርሱ፣ ፋብሪካውም ሲዘጋ፣ አብረውኝ የመጡት ወደ ትልልቁ ከተማ ተበተኑ፤ እኔ ግን በዚችው ወንዝ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ቀረሁ፤ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ አንሶላ አጥቤ እተኩሳለሁ። ሀበሻ የለም። አማርኛ የምናገረው እሑድ እሑድ በስልክ ነው፣ ካልሆነም ለራሴ፣ እንደ አሁኑ።

ሐኪሙ ከሰዓት በኋላ መጣ። ረጅም ነው፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ሲቀመጥ አልጋው ጮኸ። ከመሠራቴ በፊት ነግሮኝ ነበር፣ ግን በፍርሃት የሰማሁት «ካንሰር አይደለም» የሚለውን ብቻ ነበር፤ አሁን እንደገና አስረዳኝ። ከኩላሊት ወደ ሽንት ፊኛ የሚወርድ እንደ ክር የቀጠነ ቱቦ አለ። በዚያ ቱቦ ድሮ አንዲት ጠጠር ፍቃ አልፋ ኖሮ ጠባሳ ጥላለች፤ ጠባሳው እየተኮማተረ ቱቦውን አጠበበው፣ ሽንቱ መውረጃ አጥቶ ወደ ላይ ሲመለስ ኩላሊቴን አሳበጠው። «እና ከየት ገብታችሁ ነው?» አልኩት። «ሽንት በሚወጣበት በኩል» አለኝ፣ ምንም ሳያፍር። ጫፉ ላይ መብራት ያለው ቀጭን መሣሪያ አስገብተው፣ በሽንት ፊኛው አልፈው፣ ወደ ቱቦው ወጥተው፣ ጠባሳውን ከውስጥ በትንሹ ሰንጥቀው፣ ጠፍጣፋ የነበረች ትንሽ ፊኛ እዚያው ነፍተው አሰፉት። እንደገና ተጣብቆ እንዳይዘጋም ልስልስ ያለች የፕላስቲክ ቱቦ ውስጤ ትተዋል፤ ሲድን ትወጣለች። «ይኸው ነው፣ ነገ ቤትዎ ይገባሉ» አለኝ።  ያ ሁሉ ስቃይ፣ ያ ሌሊቱን መሬት ለመሬት የምንከባለልለት፣ አንሶላ ነክሼ የምውልለት ነገር፣ ሰው ሆዴን ሳይከፍት ገብቶ ጠርጎት ወጣ? ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔን የያዘኝ ግን ድንጋጤ ነው፤ ሌባ ገብቶበት በሩም መስኮቱም ያልተሰበረ ቤት ያለሁ ይመስለኛል።

ምክንያቱም እኔ ቢላዋ ነበር የጠበቅሁት። በእኛ ሰፈር ኦፕራስዮን የሚባለው ከጡት ሥር እስከ እምብርት የሚወርድ ዚፕ ነው፤ የተሠራ ሰው ሸሚዙን ገልጦ ያሳያል፣ ሴቶቹ ጉድ ጉድ ይላሉ፣ ጎረቤት አጥሚት ይዞ ይመጣል፣ ስፌቱ እስኪደርቅ በሽተኛው አይስቅም፣ አያስልም፣ ክፉ ወሬ አይሰማም። ለዚህ ነበር የተዘጋጀሁት። በሰኔ መጀመሪያ ላይ፣ መደበቅ ሲያቅተኝ፣ ጎፋ ደውዬ ለወንድሜ ለሚሳኤል የነገርኩት ይህንኑ ነው።

ስልኩ የጋሽ ነገሪ ነው። ጋሽ ነገሪ ጎፋ ላይ ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣሉ፤ አገራቸው እዚያው ፉሪ ነው፣ እርሻቸው እስከ ዛሬ አለ፤ አባቴ ሲሞት ሚሳኤልን ሱቅ ያስገቡት እሳቸው ናቸው። እሑድ ሱቁ ዝግ ቢሆንም ለእኔ ስልክ ሲሉ ግማሹን በር ይከፍታሉ። እማዬ ከቅዳሴ ወጥታ ከሀና ማርያም ድረስ በእግሯ ትመጣለች፣ ነጠላዋን ሳታወልቅ የሚስማር ካርቶን ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች፣ ስልኩ ሲጮህ ሁሌም ትደነግጣለች፣ አፏን ከመነጋገሪያው አርቃ ስለምትጮህ ድምፅዋ ከገደል ማዶ የሚጣራ ሰው ይመስላል። «ውዳሴዬ! ደህና ነሽ ወይ?» ትላለች። ደህና ነኝ እላለሁ። «አንቺስ እማዬ?» «እኔማ ምን እሆናለሁ፣ እንደ ድንጋይ ነኝ!» አልነግራትም። ጎኔ ሲነድደኝ መነጋገሪያውን በአንድ እጄ፣ ጎኔን በሌላ እጄ ይዤ አወራታለሁ። ምን ብዬ ነው የምነግራት? ትጾማለች፣ ትሰግዳለች፣ ሌሊት ትነሳለች፣ ከዚያ በኋላ እኔን ሳይሆን እሷን ነው የሚያስታምሟት።

ሰኔ ላይ የደወልኩ ዕለት ግን የወጣው የእማዬ ድምፅ አልነበረም፤ ከጥቂት እሑዶች ወዲህ እሷን አላገኘኋትም። አንዱን እሑድ ጉንፋን ይዟታል አሉኝ፣ አንዱን ጠበል ሄዳለች። ሚሳኤልን «ስማኝ፣ አትደንግጥ፣ ኦፕራስዮን ልሠራ ነው» አልኩት።  መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ። «አለሁ» አለኝ።

«ለእማዬ በቀስታ ንገራት፣ እንድትጸልይልኝ። የታለች?»

«ሀና ማርያም ናት።»

«በዚህ ሰዓት? ቅዳሴው አልወጣም?»

«እዚያው ናት፣ ውዴ። ሀና ማርያም ናት» አለ። ድምፁ ቀጠነብኝ፣ ለእኔ የፈራ መሰለኝ፣ እንዲያውም ላጽናናው ሞከርኩ። አይዞህ አልኩት። እኔ ነኝ አይዞህ ያልኩት!

አሁን የሆስፒታሉ ስልክ ከአልጋዬ ራስጌ ነው፤ ካርድ ሲያስገቡበት ይሠራል፤ ካርዱን ከታች ካለ ማሽን መግዛት አለብኝ፣ ማሽኑ የማይገባኝን ነገር ይጠይቀኛል፣ ቀይ መብራት ያበራል፣ ካርዴን ይተፋል። አንድ ክራንች የያዙ ሽማግሌ ረዱኝ። ግድግዳ ይዤ ተመለስኩ። ስሸና ያቃጥለኛል፣ የሽንቴ ቀለም የሥጋ እጣቢ መስሏል፣ ይህ ያለ ነው ተብያለሁ፤ ቱቦዋ ከውስጥ ትቆረቁረኛለች፣ ግን ያ የድሮው ስቃይ የለም፣ ጠፍቷል፣ ቦታው ባዶ ነው። ምሥራቹን ላበስር ነው የምደውለው። ሚሳኤል አነሳው።

«አለቀ!» አልኩት። «ዳንኩ!»

«እልል! እልል!» አለ፤ ከዚያ ወዲያው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቁስሉስ? መቼ ይደርቃል አሉሽ?»

«ቁስል የለም።»

«ኦፕራስዮን አይደል እንዴ የተሠራሽው?»

«ነው፣ ግን አልቀደዱኝም። በውስጥ ገብተው በፊኛ አሰፉት።»

«በፊኛ? በዚህ ልጆች በሚነፉት ፊኛ?»

«እንደዚያ ያለ ነገር፣ ትንሽዬ። ስፌት የለኝም አልኩህ፣ ነገ እወጣለሁ።»

ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቀም። መነጋገሪያውን በእጁ ሸፍኖ ከሰው ጋር ሲንሾካሾክ ይሰማኛል፤ ከዚያ የጋሽ ነገሪ ወፍራም ድምፅ መጣ። እሳቸው በስልክ ከሰላምታ አልፈው አያወሩም።

«ውዳሴ፣ ልጄ። እውነቱን ንገሪኝ። ስፌት የለሽም?»

«የለኝም፣ ጋሼ።»

«እንዳይከፋን ብለሽ እንዳይሆን። ደም አልፈሰሰሽም? በሁለት እግርሽ ትቆሚያለሽ?»

«ቆሜ ነው የማወራዎት።»

ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ፣ ከባድ ነገር ከጫንቃው ያወረደ ሰው፣ ወይም ሊያነሳ የጎነበሰ ሰው የሚተነፍሰው ዓይነት። «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። «ቤትሽ የት ጋ ነው? እስቲ አድራሻሽን ለሚሳኤል ደህና አድርገሽ ንገሪው፤ የመንገዱን ስም፣ የቤቱን ቁጥር።» ነገርኩት። ፊደል በፊደል ሲጽፍ ይሰማኛል። አንድ ነገር ሊልኩልኝ ነው አልኩ፣ በርበሬ ወይ ሽሮ፣ ደስ አለኝ። እማዬን አቅርብልኝ ማለቴ ትዝ ሲለኝ ካርዱ አለቀ።

ጠዋት ነው። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ያለው ቅዳሜ ነው፣ መስኮቱን ከፍቼ ውኃ እየጠጣሁ ነው፣ ብዙ ውኃ ጠጪ ብለውኛል። ደወሉ ጮኸ። የእኔን ደወል የሚደውል ሰው የለም፤ ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ ነው ብዬ ከፈትኩ። በሩ ላይ ሁለት ሀበሾች ቆመዋል። ሴትዮዋ እድሜያቸው ከእማዬ ብዙ አያንስም፣ ጥቁር ሻሽ አስረዋል፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ከኮታቸው ላይ ጥለውታል፤ ከኋላቸው ባርኔጣውን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ የያዘ ሰው አለ። በዚህ ከተማ፣ በዚህ ደረጃ ላይ ሀበሻ አይቼ አላውቅም። «ውዳሴ መኩሪያ?» አሉኝ። ስሜን ከነአባቴ፣ በትክክል። አቤት ማለት አቃተኝ። የሚያውቁኝ ሰዎች አይደሉም፤ ሰው የማያውቀው ሰው ቤት በጠዋት ጥቁር ለብሶ የሚመጣው ለምን እንደሆነ የረሳሁት መስሎኝ ነበር፣ ስንት ዓመት ከአገሬ ወጥቼ፤ ለካ አልረሳሁትም፤ የበሩን እጀታ አጥብቄ ያዝኩ።

«ወርቅዬ እባላለሁ፣ ይህ ባለቤቴ ሮበሌ ነው፤ ከላይ ከትልቁ ከተማ በባቡር መጥተን ነው። ግቢ ልጄ፣ እንቀመጥ።»

«ማን ነው?»

«መጀመሪያ ቁጭ በይ።»

«ማን ነው እኮ? ሚሳኤል አይደለም፣ በቀደም አውርቼዋለሁ። ጋሽ ነገሪም አይደሉም…» ስም እጠራለሁ፣ እየጠራሁ ወደ ኋላ እሄዳለሁ፣ ያለ እሷ የቀረ ስም እስኪያልቅብኝ ሌላውን ሁሉ ጠራሁ። ሴትዮዋ እጄን ያዙኝ። «ከቀደሙን አባቶች አንበልጥም፣ የእኔ ልጅ። እናትሽ ወይዘሮ ጤናዬ አርፈዋል» አሉኝ።

የጮኽኩትን እኔ አልሰማሁትም፤ ወለሉ ላይ ነው ራሴን ያገኘሁት። እትዬ ወርቅዬ ደረቴን እንዳልመታ ሁለቱንም እጄን ይዘው አብረውኝ ያለቅሳሉ፤ እናቴን አያውቋትም፤ የራሳቸውን ሙት ይሆን? ብቻ ከልባቸው ያለቅሳሉ። ጋሽ ሮበሌ ግድግዳው ጋ ቆመው ባርኔጣቸውን ያሽከረክራሉ። ከዚያ በሩ ተንኳኳ፣ ቀጥሎ ተደበደበ። ታች ፎቅ ያሉት አሮጊት ሰው እየታረደ ነው ብለው ደውለዋል ኖሮ፣ ቀይ ልብስ የለበሱ የአምቡላንስ ሰዎች ሻንጣቸውን ይዘው ገቡ፤ አንዱ ተንበርክኮ የዓይኔን ብሌን በባትሪ አየ፣ ሌላው ምን ወስዳ ነው፣ ምን ውጣ ነው ይላል። እትዬ ወርቅዬ በተሰባበረ ጀርመንኛ «እናት! እናቷ! ሞት!» አሏቸው። ልጁ ደነገጠ፣ አዝናለሁ አለ፣ ለደንቡ ነው መሰል «ዛሬ ነው ያረፉት?» ብሎ ጠየቀ። «አይ፣ ከፋሲካ በኋላ ነው» አሉት።

ልጁ ቀና ብሎ አያቸው። እኔም ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ፋሲካ? አሁን እኮ ሐምሌ ነው» አለ በራሱ አቆጣጠር። «ታዲያ ዛሬ ለምን ነው የምትጮኸው?»

 እኔ እንኳ ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ከፋሲካ በኋላ! እንግዲህ ሰኔ ላይ ስደውል፣ በቀስታ ንገራት ስል፣ እንድትጸልይልኝ ስል። እትዬ ወርቅዬ አምቡላንሶቹን ሸኝተው፣ በዓለም ላይ ያለውን ውኃ ሁሉ ሊያጠጡኝ እየሞከሩ ነገሩኝ። በግንቦት መጨረሻ መርዶ ነጋሪ ሲያፈላልጉ፣ ሰው ከሰው ሲያጠያይቅ፣ የእሳቸውን ስልክ ሲያገኙ፣ በዚያው ሰሞን እኔ ቢላዋ ሥር ልገባ ነው ብዬ ደወልኩ። «ሰው ቁስል ላይ ሆኖ መርዶ አይነገረውም፣ ስፌቷ ይፈታል፣ እስክትድን ትቆይ ተባለ። ወንድምሽ ነው የለመነን። በኋላ ስፌት የላትም፣ ቆማለች ሲሉኝ፣ እኔ አላመንኩም፤ በሩን ስትከፍቺ ሆድሽን ነው መጀመሪያ ያየሁት» አሉኝ። የእኔ ቁስል እስኪድን ነበር ሁሉም የሚጠብቀው። ቁስሉ ስላልነበረ መርዶው ቶሎ ደረሰኝ።

ለለቅሶ አገሬ ልሂድ ስለው ሐኪሙ አትሂጂ አላለኝም። ከባድ አታንሺ፣ ውኃ ጠጪ፣ ትኩሳት ከያዘሽ ሐኪም ቤት ሩጪ፣ ቱቦዋን ለማስወጣት ግን የግድ ተመለሺ፣ እዚያው ከቆየች ራሷ ትደፈናለች አለኝ። እመለሳለሁ አልኩት። አውሮፕላኑ ውስጥ ሽንት ቤት ስመላለስ አጠገቤ ያለው ሰውዬ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ዓይኔን ብጨፍን አልተኛም፣ ብገልጥ ደመና ነው፣ ከደመናው ላይ የሚሳኤል ድምፅ ይመጣብኛል። ሀና ማርያም ናት። እዚያው ናት፣ ውዴ። አልዋሸኝም እኮ! ከአባቴ ጎን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ አፈር ለብሳ፣ የትም ሳትሄድ፣ እዚያው ነበረች። የዚያን ዕለት ልጁ አንዲት ቃል ሳይዋሽ ዋሸኝ። አፌን በብርድ ልብሱ ይዤ ጮኽኩ፣ አስተናጋጇ መጥታ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ።

ሀና ማርያም ጭቃው ጉልበት ይደርሳል። መኪናው ከላፍቶ በታች ያለውን መንገድ እየዋኘ አደረሰኝ፤ አንዳንዱ ቤት አዲስ ነው፣ አንዳንዱ ቦታ የማውቀው የጓያ ማሳ ነበር፣ አሁን የድንጋይ አጥር ሆኗል። የእድሩ ድንኳን እንደገና ተተክሏል፤ ለእኔ ሲባል ለቅሶው ሀ ብሎ ጀመረ። ሴቶቹ ገና ከመኪናው ስወርድ ግር ብለው መጡ፤ እኔ መሬት ላይ ልወድቅ፣ ፊቴን ልነጭ፣ ደረቴን ልደቃ ነው የመጣሁት፣ ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ሰማይ ያቋረጥኩት፤ እነሱ ግን እንደ እንቁላል ያዙኝ። «ተዉ! ቁስሏን!» ትላለች አንዷ። «ጎኗን እንዳትነኩ!» ትላለች ሌላዋ። እትዬ አስቴር፣ የእማዬ ታናሽ እህት፣ ወገቤን እንደ ወላድ አቅፋ አስገባችኝ። ቁስል የለኝም አልኳቸው። አላመኑኝም። እንደገና አልኩ፣ ጮኽኩ፣ ቁስል የለኝም፣ ልቀቁኝ ላልቅስበት! በመጨረሻ እትዬ አስቴር ጓዳ አስገብታ፣ በሩን ዘግታ፣ ሸሚዜን ወደ ላይ ሰበሰበች። ሦስት አራት ሴቶች ጎንበስ ብለው አዩ። ሆዴን፣ ጎኔን፣ ጀርባዬን። አንዷ በጣቷ ነካችኝ።

«ኧረ ምንም የለም» አለች።

«ታዲያ ምን አድርገውሽ ነው?»

በውስጥ ገብተው የጠበበውን የሽንት ቱቦ አሰፉት፣ ኩላሊቴ አብጦ ነበር፣ እዚህ ጋ፣ አልኩና እጄን ግራ ጎኔ ላይ አደረግሁ።  እትዬ አስቴር እጄ ያረፈበትን ቦታ ታያለች፣ ሸሚዜን ለቀቀችው፣ ዞር አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም፣ ሚሳኤልን ጠይቂው አለችኝ።

ሚሳኤል ድንኳን ውስጥ አልነበረም። ከቤቱ ጀርባ፣ ከቆርቆሮው ክዳን ጠርዝ ሥር፣ ዝናቡ ከሚያንጠባጥብበት ጥግ ቆሟል። ከስቷል። ድሮ ሱሪው ይጠበው ነበር፣ አሁን በቀበቶ አጥፎታል። ስሜን ጠራ እንጂ አላቀፈኝም፣ እሱም ቁስሌን ይፈራል።

«እማዬ ምን ሆና ነው የሞተችው?» አልኩት።

«ጎኗን ነበር» አለ። «ግራ ጎኗን። ብርድ ነው፣ ብርድ ነው ስትል ነበር። ጡብ አሙቃ ትታቀፋለች። ባለፈው ክረምት ሐኪም ቤት ወሰድኳት፤ ጠጠር ነው፣ ሽንቷን ዘግቶታል፣ ኩላሊቷ ተበላሽቷል፣ ኦፕራስዮን ትሠራ አሉ። በቢላዋማ አልነካም፣ ሥጋዬን ሙሉ አድርጌ ነው ወደ ፈጣሪዬ የምሄደው አለች። ለመንኳት። ጋሽ ነገሪ ለመኗት። ጠበል ጀመረች። ከዚያ ከፋሲካ በኋላ ትኩሳት ያዛት፣ መቃዠት ጀመረች፣ ሐኪም ቤት ስናደርሳት መርዙ ደሟ ውስጥ ገብቷል አሉን።»

«ባለፈው ክረምት?» አልኩ። «ዓመት ሙሉ? በየእሑዱ እየተነጋገርን? ለምን አልነገርከኝም?»

«አትንገራት አለችኝ። በሰው አገር ብቻዋን ናት፣ ትጨነቃለች አለች። ጎኗን ይዛ ካርቶኑ ላይ ተቀምጣ ስታወራሽ እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ስልኩን እስክትዘጋ ትስቃለች። ከዚያ ጋሽ ነገሪ ወንበር ላይ እናስተኛታለን።»

ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። አልወደቅሁም፣ ተቀመጥኩ። በአንድ ሽቦ ጫፍና ጫፍ፣ እሷ ጎፋ፣ እኔ ጀርመን፣ ሁለታችንም ግራ ጎናችንን በእጃችን ይዘን፣ እንደ ድንጋይ ነኝ እያልን፣ ምንም አልል እያልን። አንዴ፣ አንድ እሑድ እንኳ፣ ከሁለት አንዳችን እማዬ ጎኔን አሞኛል፣ ልጄ ጎኔን አሞኛል ብንል! ቢላዋ የሌለበት አለ እላት ነበር? አላውቅም፤ እኔም አላውቅም ነበር፣ እኔም ዚፑን ነበር የምጠብቀው። ደግሞ እኔን ያዳነኝ እዚያ ነው እንጂ እዚህ አይደለም፣ እሷን አውሮፕላን ላይ የሚጭናት ማን ነበር? ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ቢሆንም ቢያንስ ሁለት ሆነን እንታመም ነበር፤ እሷ የእኔን ትጠይቀኛለች፣ እኔ የእሷን እጠይቃታለሁ፣ እንደ እናትና ልጅ። አለቀስኩ። አሁን የሚይዘኝ ሰው የለም፣ ደረቴን መታሁ፣ ጭቃውን መታሁ፣ ቱቦዋ ከውስጥ ወጋችኝ፣ ትውጋኝ አልኩ። ሚሳኤል አላለቀሰም። ቆሞ ያየኛል። ያኔ ነው ልብ ያልኩት፤ ይህ ልጅ እናቱን ቀብሮ ሳይበቃው በየእሑዱ ሱቅ እየሄደ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ስልክ እያነሳ፣ የእሷን ደህንነት ሲያወራልኝ ነው የከረመው። ከድንኳን ወጥቶ እየሳቀ ያናገረኝ ቀንም ነበር ማለት ነው። መቼ ነው ይህ ልጅ ያለቀሰው?

«አንተስ?» አልኩት። «አንተ ደህና ነህ?»

«እኔማ ደህና…» አለና ቆመ።

 የዝናቡ ጠብታ ትከሻው ላይ ይወርዳል፣ አልተንቀሳቀሰም። አይዞህ አላልኩትም፤ ያንን ቃል በማይሆን ጊዜ ተናግሬ ጨርሼዋለሁ። ሱሪው ይቆሽሻል ሳይል ቀስ ብሎ አጠገቤ ጭቃው ላይ ተቀመጠ።

«እንቅልፍ የለኝም፣ ውዴ» አለ። «ምግብ አይወርድልኝም። ስልክ ሲጮህ ከሱቁ ጥዬ እወጣለሁ፣ የደንበኛም ቢሆን። ጋሽ ነገሪ ስልኩን ከእኔ አርቀው አስቀመጡት።» እጁን ያዝኩት፣ ቀዝቅዟል። «ያረፈችበት ቀን ጠዋት ምን እንዳለችኝ ለማንም አልነገርኩም» አለ።

«ንገረኝ።»

«ረጅም ነው።»

«ንገረኝ፣ አልቸኩልም።»

ከድንኳኑ በኩል እትዬ አስቴር ስማችንን እየጠራች ትፈልገናለች። አልመለስንላትም። ሚሳኤል ፊቱን በእጅጌው ጠርጎ ጀመረ፤ ሰኞ ነበር፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ውኃ ስጠኝ ብላ እንደ ቀሰቀሰችው።